ኮምፕሬሰሩ በሚያርፍበት ሰዓት፦ የማቀዝቀዣ ጋዝ ፍልሰትን የመከላከል የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኞ፦ የተበላሸውን ኮምፕሬሰር መፍታት

ሥራውን የጀመርሁት አዲሱን ኮምፕሬሰር ከመመርመር ሳይሆን የተበላሸውን ከመፍታት ነው፤ አሮጌው በምን ምክንያት እንደተበላሸ ሳይታወቅ በምትኩ የሚገጠመው አዲስ ኮምፕሬሰር ዕጣው ያው ነውና። ስርዓቱ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚጠበቅ ቀዝቃዛ ክፍል የሚያገለግል ሲሆን የሚሠራው በአር 134ኤ ጋዝ ነው። ሰሚ ሄርሜቲክ (ከሞተሩ ጋር በአንድ አካል ታሽጎ ሊፈታ የሚችል) የሆነው የፒስቶን ኮምፕሬሰር፣ ጋዙን ወደ ፈሳሽ የሚለውጠው ኮንደንሰርና ፈሳሹን የሚያጠራቅመው ሪሲቨር ከሕንፃው ውጭ በጣሪያ ሥር ተቀምጠዋል፤ ፈሳሹ እየተነነ ክፍሉን የሚያቀዘቅዝበት ኢቫፖሬተር ደግሞ ከእነርሱ ከፍ ብሎ በክፍሉ ኮርኒስ ላይ ተሰቅሏል። የቀረበልኝ ቅሬታ አጭር ነበር፦ ቀዝቃዛ ሌሊት ባለፈ ቁጥር ኮምፕሬሰሩ ጠዋት እያንኳኳ ይነሣል፤ ብዙ ጊዜም የዘይት ግፊት መከላከያው ያጠፋዋል፤ ከዚያ ሰው መጥቶ የመከላከያውን ቁልፍ ይጫንና ሥራው ይቀጥላል። ይህ ሲደጋገም ቆይቶ ኮምፕሬሰሩ ጨርሶ ተቆልፎ ቀረ።

ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን ክዳን) አንሥቼ ስመለከት የቫልቭ ምላሶቹ አልተሰበሩም፤ ጓርኒሲዮኑ (የክዳኑ ማሸጊያ) አልተቀደደም፤ የሲሊንደሮቹ ግድግዳም ለስላሳ ነው። ፈሳሽ ጋዝ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ገብቶ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ በመጀመሪያ የሚታየው እዚህ ነበር፤ ፈሳሽ ስለማይጨመቅ ምላስ ይሰበራል፣ ቢዬላ (ፒስቶኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ይጎብጣል። ጉዳቱ ያለው ከታች ነው። ክራንክሻፍቱን አውጥቼ በጨርቅ ስጠርገው የአንዱ ቢዬላ መቀመጫ እንደ አዲስ ያብረቀርቃል፤ ከጎኑ ያለው በጥፍር የሚዳሰስ ቦይ ተቆፍሮበታል፤ የሚቀጥለው መሃሉ ብቻ ተፍቋል። ከብሮንዚናው (ክራንክሻፍቱ በዘይት ላይ የሚዞርበት ተሸካሚ) የተላጠው ስስ ብረት በዘይት ማጣሪያው መረብ ላይ ተጣብቆ ይታያል።

ምክንያቱን የሚናገረው ይህ ሥርዓት የሌለው አበላል ነው። በሥራ ላይ እያለ ፈሳሽ እየተመለሰበት የተጎዳ ኮምፕሬሰር፣ በተለይም ሞተሩ በሚመለሰው ጋዝ የሚቀዘቅዝ ዓይነት ከሆነ፣ ከዘይት ፓምፑ እየተራቀ በተሄደ ቁጥር እየባሰ የሚሄድ ጉዳት ያሳያል። እዚህ ግን ጉዳቱ እዚህም እዚያም ተበትኗል። ይህ የሚሆነው ኮምፕሬሰሩ በሚነሣበት ቅጽበት ዘይቱ በጋዝ ቀጥኖ ወይም ታጥቦ ሲገኝና የትኛው ብሮንዚና ዘይት እንደሚደርሰው በዕድል ሲወሰን ነው። ስለዚህ የምፈልገው ጥፋት የሚፈጠረው ኮምፕሬሰሩ በሚሠራበት ሳይሆን በሚያርፍበት ሰዓት ነው፤ ይህም ጋዙ ወደ ቆመው ኮምፕሬሰር ተጉዞ በዘይቱ ውስጥ የሚገባበት ፍልሰት ነው።

ማክሰኞ፦ ከመነሣቱ በፊት

አዲሱ ኮምፕሬሰር ቀደም ብሎ ተገጥሞ ሥራ ላይ ስለነበር፣ ጎሕ ሳይቀድ ደርሼ ሌሊቱን ቆሞ ባደረበት ሁኔታ አገኘሁት። የውጭው ሙቀት 1 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ቴርሞሜትሩን ከክራንክኬዙ (ክራንክሻፍቱንና ዘይቱን ከሚይዘው የኮምፕሬሰሩ የታችኛው አካል) ሥር፣ ከዘይቱ ወለል በታች ባለው ብረት ላይ ሳስረው ያነበብሁትም ያንኑ 1 ዲግሪ ነው። የዘይት ሳይት ግላሱን (የዘይቱ ከፍታ የሚታይበትን መስታወት) በባትሪ ስመለከት መስመር አይታይም፤ ግላሱ እስከ አናቱ ሞልቷል። ማንም ዘይት ሳይጨምር የዘይት ከፍታ ከጨመረ የጨመረው ዘይት አይደለም፤ ሌሊቱን ተጉዞ የገባ ጋዝ ነው።

ቴርሞስታቱ ሲጠራና ኮንታክተሩ (ሞተሩን የሚያበራው ማግኔታዊ ማብሪያ) ሲገባ ዓይኔን ከግላሱ አላነሣሁም። በመጀመሪያ ጥቃቅን አረፋዎች ከታች ወደ ላይ ተመዘዙ፤ ወዲያው ግላሱ በሙሉ ወተት መሰለ፤ ከዚያም ነጭ አረፋው እየተገለበጠ ወርዶ ግላሱ ባዶ ሆነ። በክራንክኬዙ ውስጥ ያለው ግፊት በድንገት ሲወርድ በዘይቱ ውስጥ የሟሟው ጋዝ በኃይል ፈልቶ ዘይቱን ይዞት ወጥቷል። የዘይት ፓምፑ ጌጅ ከክራንክኬዙ ግፊት በላይ እስከ 1.5 ባር ወጥቶ ነበር፤ ፓምፑ በዘይት ፋንታ አረፋ መሳብ ሲጀምር ወደ 0.4 ባር ወረደ። የዚህ ዓይነቱ መከላከያ የተጣራው የዘይት ግፊት ከ0.6 ባር አካባቢ በታች ሆኖ ወደ 120 ሰከንድ ሲቆይ ኮምፕሬሰሩን ያጠፋል። መከላከያው ከማጥፋቱ በፊት ግፊቱ ቀስ ብሎ ተመለሰ፤ ነገር ግን እስኪመለስ ድረስ ክራንክሻፍቱ ያለ በቂ ዘይት ሲዞር ነበር። መከላከያው ያላጠፋው አነሣስ ጉዳት ያላደረሰ አነሣስ ተደርጎ መቆጠር የለበትም።

ጋዙ ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚሄድበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው የሙቀት ልዩነት ነው። አር 134ኤ በ3 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ የሚኖረው የእንፋሎት ግፊት በፍጹም መለኪያ (ከባዶ ቫኪዩም ተነሥቶ ሲለካ) 3.3 ባር ያህል ሲሆን፣ በ1 ዲግሪ ላይ ወደ 3 ባር ይወርዳል፤ ስለዚህ ክፍሉ በ3 ዲግሪ፣ ኮምፕሬሰሩ በ1 ዲግሪ በሚያድሩበት ሌሊት፣ በኢቫፖሬተሩ ውስጥ የቀረው ፈሳሽ እየተነነ በመምጫው ቱቦ (ጋዙን ከኢቫፖሬተሩ በሚመልሰው) በኩል ወደ ኮምፕሬሰሩ ይጓዝና እዚያ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ሁለት ዲግሪ ትንሽ ቢመስልም የሌሊቱ ሰዓት ረጅም ነው፤ በቀዝቃዛ ሌሊት የክፍሉ የሙቀት ጫና አነስተኛ ስለሚሆን ኮምፕሬሰሩ የሚያርፍበት ጊዜም በዚያው ልክ ይረዝማል። ሁለተኛው ምክንያት የዘይቱ ጠባይ ነው፤ ብዙዎች የሚረሱትም ይህን ነው። ዘይት የራሱ የእንፋሎት ግፊት የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በላዩ ያለውን የጋዝ እንፋሎት ያለማቋረጥ ወደ ራሱ ይስባል። ኮምፕሬሰሩ ከኢቫፖሬተሩ በመጠኑ ሞቆ ቢያድር እንኳ ፍልሰቱ ይቀንሳል እንጂ አይቀርም። በዚህ ስርዓት ውስጥ ያለው የፖሊኦል ኤስተር ዘይት ከአር 134ኤ ጋር በደንብ ስለሚዋሃድ ሁለቱ ተለያይተው አይቀመጡም፤ ዘይቱ ግን ብሮንዚናውን መሸከም እስኪያቅተው ድረስ ይቀጥናል።

በማቅለጫ ሰዓትም ያው ነው። ይህ ክፍል በረዶውን የሚያቀልጠው ኮምፕሬሰሩን አቁሞ፣ የኢቫፖሬተሩን ፋኖች እያዞረ ነው፤ ሞቅ ያለው የክፍሉ አየር በኮይሉ ላይ በነፈሰ ቁጥር ውስጡ ያለው ፈሳሽ ተንኖ መሄጃ ይፈልጋል።

ከሰዓት በኋላ የክራንክኬዝ ሂተሩን፣ ማለትም ዘይቱን የሚያሞቀውን የኤሌክትሪክ ዘንግ፣ መረመርሁ። ሂተር አለ፤ አልተቃጠለምም። ሽቦው ግን የተወሰደው ኮንታክተሩ ወደ ሞተሩ ከሚልክበት ወገን ስለሆነ፣ ሂተሩ የሚሞቀው ኮምፕሬሰሩ ሲሠራ ብቻ ነው፤ ኮምፕሬሰሩ ሲቆም እርሱም ይቆማል። ሂተሩ የሚያስፈልግበትና የሚበራበት ሰዓት ፍጹም ተገላብጠዋል። ይህን ያገናኘው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ከመሄዱ በፊት በቆመ ኮምፕሬሰር ሥር እጁን አስገብቶ ሙቀቱን ቢዳስስ ኖሮ አንድ ኮምፕሬሰር ይተርፍ ነበር።

ረቡዕ፦ ሂተሩ

ለሂተሩ ከኮምፕሬሰሩ ማብሪያ ማጥፊያ ነፃ የሆነ፣ የራሱ ፊውዝ ያለው የማያቋርጥ መስመር ሰጠሁት፤ መስመሩንም በኮንታክተሩ ረዳት ኮንታክት በኩል፣ ኮምፕሬሰሩ ሲቆም በሚዘጋው ጥንድ አሳለፍሁት። አሁን ኮምፕሬሰሩ ሲነሣ ሂተሩ ይጠፋል፤ ሲቆም ይበራል። ሂተሩ በ230 ቮልት 70 ዋት የተጻፈበት ስለሆነ ተቃውሞው ወደ 756 ኦም፣ የሚስበው ከረንት ደግሞ 0.3 አምፔር ያህል መሆን አለበት፤ ሁለቱም በመለኪያ ሲታዩ ተቀራራቢ ናቸው። ይህን ልኬት በሰሌዳው ክዳን ውስጥ ጽፌ ለጥፌዋለሁ፤ ወደፊት የሚመጣ ባለሙያ ሂተሩ መሥራቱን ለማወቅ ከረንቱን መለካት ብቻ ይበቃዋል። የሂተሩን ዘንግ ከመቀመጫው አውጥቼ ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ቀብቼ መለስሁት፤ በአየር ክፍተት የተከበበ ዘንግ ራሱን ያቃጥላል እንጂ ዘይቱን አያሞቅም።

ኮምፕሬሰሩን ለማስነሣት ግን አልቸኮልሁም። አምራቾች ቆሞ የቆየ ኮምፕሬሰር ከመነሣቱ በፊት ሂተሩ 24 ሰዓት ያህል እንዲበራ የሚመክሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዘይቱ ውስጥ የገባው ጋዝ ተመልሶ የሚወጣው ቀስ በቀስ ነው። የክፍሉ ዕቃ ለጊዜው ወደ ሌላ ክፍል ስለተዛወረ ይህን ጊዜ ማግኘት ተችሏል።

የምጠብቀው መለኪያ ዘይቱ በዝቅተኛ ግፊት ወገን ካለው የጋዝ ማፍያ ሙቀት ቢያንስ በ10 ዲግሪ በላይ ሆኖ እንዲያድር ነው። ሌሊቱን የተመዘገበው ንባብ የውጭው አየር 2 ዲግሪ ሳለ ክራንክኬዙ 19 ዲግሪ መሆኑን ያሳያል። ንፋስ በነፈሰበት ሰዓት ወደ 15 ዲግሪ ወርዶ ስለነበር ከነፋሱ ወገን የብረት መከለያ አቆምሁ። ትልቅ ሂተር የመግጠም ሐሳብም ቀርቦ ነበር፤ አልተቀበልሁትም፤ ከሚያስፈልገው በላይ የሆነ ሙቀት ዘይቱን ያበላሻል፤ ነፋስን ለመከላከል ደግሞ መከለያ ይበቃል።

ሐሙስ፦ ፓምፕ ዳውን

ሂተር ብቻውን እንዲጠብቅ መተው ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ሂተር ዘይቱ ጋዝ የመያዝ አቅሙ እንዲቀንስ ያደርጋል፤ የሚመጣውን የጋዝ መጠን ግን አይቀንስም። በኢቫፖሬተሩ ውስጥ ኪሎዎች የሚመዝን ፈሳሽ እስከቀረ ድረስ የመብራት መቋረጥ ወይም የተቃጠለ ፊውዝ ሁሉንም ወደነበረበት ይመልሰዋል። ስለዚህ ኮምፕሬሰሩ ከመቆሙ በፊት የዝቅተኛ ግፊት ወገኑ ከፈሳሽ ባዶ መሆን አለበት፤ ፓምፕ ዳውን የሚባለው ይህ ነው።

መጀመሪያ መረጋገጥ ያለበት ሪሲቨሩ ጋዙን ሁሉ መያዝ መቻሉ ነው። የስርዓቱ ሙሌት 9 ኪሎ ነው። ሪሲቨሩ 12 ሊትር ይይዛል፤ ከዚህ 80 በመቶው ብቻ በፈሳሽ እንዲሞላ ቢፈቀድ 9.6 ሊትር ይሆናል። ፈሳሽ አር 134ኤ በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በሊትር 1.15 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ወደ 11 ኪሎ ይይዛል ማለት ነው፤ ይበቃል። ሪሲቨሩ ባይበቃ ኖሮ ትርፉ ፈሳሽ ኮንደንሰሩ ውስጥ እየተከማቸ ግፊቱን ከፍ ያደርግ ነበር፤ ያኔ ሥራው በሪሲቨር ለውጥ መጀመር ነበረበት።

ሶሌኖይድ ቫልቩን (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋውን) በፈሳሹ መስመር ላይ፣ ወደ ኢቫፖሬተሩ የሚገባውን ፈሳሽ ከሚመጥነው ኤክስፓንሽን ቫልቭ አስቀድሞ ባለው ቅርብ ቦታ፣ ቀስቱን በፍሰቱ አቅጣጫ፣ ቦቢናውን ወደ ላይ አድርጌ ገጠምሁት። ኤክስፓንሽን ቫልቭ ራሱ ይዘጋል በሚል ግምት ሶሌኖይድ የማይገጥሙ አሉ፤ ኤክስፓንሽን ቫልቭ ግን የተሠራው ፍሰትን ለመመጠን ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ አጥብቆ እንዲይዝ አይጠበቅበትም። በብየዳው ጊዜ በቱቦው ውስጥ ናይትሮጅን በዝግታ አሳለፍሁ፤ ማጣሪያ ማድረቂያውን ለወጥሁ፤ በናይትሮጅን ከፈተሽሁ በኋላ ቫኪዩሙን ከ500 ማይክሮን (የቫኪዩም መለኪያ አሃድ) በታች አውርጄ መቆሙን አረጋገጥሁ።

የቁጥጥሩ ቅደም ተከተል ተለውጧል። ቴርሞስታቱ ከእንግዲህ ኮምፕሬሰሩን አያዝም፤ የሚያዘው ሶሌኖይዱን ነው። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ሶሌኖይዱ ይዘጋል፤ ኮምፕሬሰሩ በኢቫፖሬተሩና በመምጫው ቱቦ የቀረውን እየሳበ ወደ ሪሲቨሩ ይልካል፤ ግፊቱ ሲወርድ የሚያጠፋው የዝቅተኛ ግፊት ስዊቹ ነው። የማቅለጫው ሰዓትም በዚሁ መንገድ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ የኢቫፖሬተሩ ፋኖች መዞር አለባቸው፤ ፋኑ ከቆመ በኮይሉ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ለመትነን ሙቀት ስለማያገኝ ግፊቱ ፈጥኖ ይወርዳል፤ ስዊቹም ፈሳሹ ሳያልቅ ኮምፕሬሰሩን ያጠፋዋል።

ዓርብ፦ የስዊቹ ልክ

ከዚህ ሥራ ሁሉ ብዙ ማሰብ የሚጠይቀው ይህ ነው፤ ሁለት ቁጥሮች ሲሆኑ ሁለቱም በብዙ ወገን የታሰሩ ናቸው። ማጥፊያው ስርዓቱ በመደበኛነት ከሚሠራበት የመምጫ ግፊት በታች መሆን አለበት። ኢቫፖሬተሩ በ7 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲተን ጌጁ (ከከባቢ አየር ግፊት በላይ ያለውን ብቻ የሚያሳየው) 1.2 ባር አካባቢ ያነባል፤ ስለዚህ 0.3 ባር ላይ እንዲያጠፋ አደረግሁ። ከዚያ በታች ወርዶ ወደ ቫኪዩም መግባት አያስፈልግም፤ ትንሽ ቀዳዳ ካለ አየርና እርጥበት ይገባል፤ የፖሊኦል ኤስተር ዘይት ደግሞ እርጥበት አጥብቆ ይስባል፤ በሚመለሰው ጋዝ የሚቀዘቅዘው ሞተርም ጋዝ አጥቶ ይግላል።

ማስነሻው ከፍ ባለ ቁጥር ኮምፕሬሰሩ በተደጋጋሚ እንዳይነሣ ይረዳል፤ ነገር ግን የቀዝቃዛው ሌሊት ወሰን አለበት። ሶሌኖይዱ ሲከፈት ግፊቱን ወደ ኢቫፖሬተሩ የሚልከው ውጭ ያለው ሪሲቨር ነው። ውጭው 3 ዲግሪ ከዜሮ በታች ቢወርድ ሪሲቨሩ ውስጥ ያለው ግፊት በጌጅ 1.6 ባር ብቻ ይሆናል። ማስነሻው 2 ባር ላይ ቢቀመጥ ክፍሉ እየሞቀ፣ ቴርሞስታቱም እየጠራ፣ ኮምፕሬሰሩ ሳይነሣ ያድራል። በ1.2 ባር አስቀመጥሁት፤ ይህም ከ7 እስከ 8 ዲግሪ ከዜሮ በታች ካለው የማፍያ ሙቀት ጋር ስለሚገጥም ለሚጠበቀው ቅዝቃዜ ኅዳግ አለው።

በመጀመሪያው ሙከራ ኮምፕሬሰሩ 0.3 ባር ላይ ጠፍቶ ብዙም ሳይቆይ ተነሣ፤ ጠፋ፤ እንደገና ተነሣ። አንድ ሁለት ጊዜ መነሣቱ አያስደነግጥም፤ በዘይቱና በኮይሉ ውስጥ የቀረው ጋዝ እየወጣ ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል። ይህ ግን አልቆመም። ግፊቱን የሚያሳድገው ከየት እንደሚመጣ ለመለየት የሪሲቨሩን መውጫ ቫልቭ በእጅ ዘጋሁ፤ የጌጁ መርፌ መውጣቱን አቆመ። የኮምፕሬሰሩ የመላኪያ ቫልቭ የሚያፈስ ቢሆን ኖሮ መርፌው ሪሲቨሩ ተዘግቶም መውጣቱን ይቀጥል ነበር፤ ስለዚህ የሚያሳልፈው ሶሌኖይዱ ነው። ፈትቼ ስመለከት በመቀመጫው ላይ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ጥቁር ቅርፊት ተኝቷል፤ ያለ ናይትሮጅን በተበየደ አሮጌ የቱቦ መገጣጠሚያ ውስጥ የሚፈጠረው የመዳብ ዝገት ነው። መቀመጫውን አጽድቼ፣ የዚያን መገጣጠሚያ ቱቦ ቆርጬ በአዲስ ተካሁ፤ መስመሩንም እንደገና በቫኪዩም አደረቅሁ። ከዚያ በኋላ ኮምፕሬሰሩ 0.3 ባር ላይ ጠፍቶ መርፌው ቀስ እያለ ወደ 0.9 ባር ወጣና እዚያው ቆመ።

ኮምፕሬሰሩ አንድ ጊዜ ብቻ ፓምፕ ዳውን አድርጎ እስከ ቀጣዩ የቴርሞስታት ጥሪ ድረስ እንዳይነሣ የሚያደርገውን የሽቦ አሠራር የሚመርጡ ባለሙያዎች አሉ፤ ምክንያታቸውም ተደጋጋሚ መነሣትን ማስቀረት ነው። እኔ የመረጥሁት ግፊት ከፍ ባለ ቁጥር የሚነሣውን ነው፤ ምክንያቱም ሶሌኖይዱ አንድ ቀን ማፍሰስ ሲጀምር የመጀመሪያው አሠራር ጋዙ በዝምታ እንዲከማች ይፈቅዳል፤ ሁለተኛው ግን ችግሩን በድምፅ ያሳውቃል። ኮምፕሬሰሩ በተከታታይ እንዳይነሣ የሚያዘገይ ታይመርና መነሣቱን የሚቆጥር ቆጣሪ ጨምሬያለሁ።

ቅዳሜ፦ መምጫው ቱቦና የመብራት መቋረጥ

ኢቫፖሬተሩ ከኮምፕሬሰሩ ከፍ ብሎ ስለተሰቀለ መብራት በድንገት ሲቋረጥ የቀረው ፈሳሽ በራሱ ክብደት ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። የመምጫው ቱቦ ከኮይሉ እንደወጣ በቀጥታ ወደ ታች ይወርድ ስለነበር፣ ከኮይሉ አናት በላይ ከፍ ብሎ ዞሮ እንዲወርድ አድርጌ ቀየርሁት። የመምጫ አኩሙሌተር መጨመር ያስፈልግ እንደሆነ ለማወቅ በሥራ ላይ ያለውን ሱፐርሂት (እንፋሎቱ ከማፍያ ሙቀቱ በላይ የሞቀበትን መጠን) ለካሁ፤ በኢቫፖሬተሩ መውጫ 6፣ በኮምፕሬሰሩ መግቢያ 15 ዲግሪ ያህል ሆኖ ጫናው ሲለዋወጥም ስላልተናወጠ አልጨመርሁም። አኩሙሌተር ፈሳሽ ሲመለስ ይይዛል፤ እንፋሎት ሆኖ ሌሊቱን የሚፈልሰውን ግን አያስቆምም።

መብራት ሲቋረጥ ሶሌኖይዱ ይዘጋል፤ ይህ መልካም ነው፤ ግን ፓምፕ ዳውን አይደረግም፤ ሂተሩም ይጠፋል። ሁለቱም መከላከያዎች በአንድ ጊዜ የሚታጡበት ብቸኛ ሁኔታ ይህ ስለሆነ የተለየ ጥበቃ ይገባዋል። በክራንክኬዙ ላይ ሴንሰር አሥሬ የክራንክኬዙ ሙቀት ከውጭው አየር በ10 ዲግሪ ካልበለጠ በስተቀር ቆሞ የነበረው ኮምፕሬሰር እንዳይነሣ የሚያደርግ የልዩነት ቴርሞስታት ከኮንታክተሩ መስመር ጋር በተከታታይ አገናኘሁ። ኮምፕሬሰሩ ከተነሣ በኋላ ረዳት ኮንታክቱ ይህን ጥበቃ ስለሚያልፈው በሥራ መካከል አያጠፋውም። ጥበቃው ክፍሉ ጥቂት ሰዓት እንዲዘገይ ሊያደርግ ይችላል፤ የሚዘገየው ዕቃ ወደ ሌላ ክፍል ሊዛወር ይችላል፤ ብሮንዚና ግን ከተበላ አይመለስም።

በዋናው ማጥፊያ ላይ ጽሑፍ ተለጥፏል፦ «ለጽዳትም ሆነ ለሌላ ሥራ ሲባል የሂተሩ መስመር አይጥፋ፤ ከጠፋ ኮምፕሬሰሩ ከመነሣቱ በፊት የክራንክኬዙ ሙቀት ይነበብ።» ክፍሉን ለሚጠብቁት ሠራተኞችም ይህንኑ በቃል አስረድቻለሁ፤ የዘይት ግፊት መከላከያውን ቁልፍ ምክንያቱ ሳይታወቅ ደጋግሞ መጫን የተከለከለ መሆኑን ጨምሬ ነግሬያቸዋለሁ።

በቀጣዩ ሳምንት፦ ከቀዝቃዛ ሌሊት በኋላ

ውጭው ወደ ዜሮ ዲግሪ በወረደበት ሌሊት ማግስት፣ ከመጀመሪያው የጠዋት ጥሪ በፊት ደረስሁ። ክራንክኬዙ 18 ዲግሪ፣ የመምጫው ጌጅ 0.9 ባር፣ የዘይቱ መስመር በሳይት ግላሱ እኩሌታ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። ቆጣሪው ሌሊቱን ያሳየው የቴርሞስታቱንና የማቅለጫውን መደበኛ መነሣቶች ብቻ ነው። ኮምፕሬሰሩ ሲነሣ በግላሱ ጠርዝ ላይ ስስ አረፋ ታይቶ ወዲያው ከሰመ፤ የተጣራው የዘይት ግፊት ያለማወላወል ወደ 2.8 ባር ወጥቶ ቆመ፤ የማንኳኳት ድምፅም የለም። ለምርመራ ያወጣሁት ዘይት ጥርት ያለ ነው፤ በማግኔት ሲፈተሽ ግን ጥቂት የብረት ብናኝ ተገኝቶበታል። አዲሱ ኮምፕሬሰር በቀድሞው የሽቦ አሠራር ሥር ባሳለፋቸው ሌሊቶች የደረሰበት ሊሆን ስለሚችል ዘይቱን በሙሉ ለውጬ የማጣሪያውን መረብ አጠብሁ፤ ከአንድ ወር በኋላ መረቡ እንደገና ተከፍቶ እንዲታይ በመዝገቡ ላይ ተጽፏል።